ስለ መጠጡ ጠየቁት፣ ስለ ቁማሩ ግን ማንም አልጠየቀውም
ለጤና ሚኒስትሩ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍልዎ ያስገደደኝ የታላቅ ወንድሜ ጉዳይ ነው። ችግሩ ግን የእሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ወንድሜ ለዓመታት ጠጥቷል። ብዙ ከለመንነው በኋላ እሺ ብሎ ሱስ ማገገሚያ ገባ። መጀመሪያ ቀን ረጅም ቅጽ ተሞላለት። በቀን ምን ያህል ይጠጣሉ? ጠዋት እጅዎ ይንቀጠቀጣል? ሲጋራስ? ሌላ ዕፅስ? ሁሉንም ሳይደብቅ መለሰ። ስለ ቁማር የጠየቀው ግን አልነበረም። እኛም አላነሳነውም። ቁማሩን የመጠጡ ጓዝ አድርገን ነበር የምናየው። መጠጡን ሲተው እሱም አብሮ የሚቀር መስሎን ነበር።

መጠጡን ተወ። ስምንት ወር ሙሉ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። ፊቱ ጠራ፣ በጊዜ ቤት መግባት ጀመረ። እናታችን ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ስልኩ ላይ አቀርቅሮ እንደሚያመሽ ሁላችንም እናያለን፤ ልብ ያለው ግን የለም። ድሮ የሚጠጣበትን ሰዓት በውርርድ ይሞላው ነበር። ገንዘቡ ይበላል። የተበላውን ላስመልስ ብሎ ይጨምራል። አሁንም ይበላል። ነገሩ ሲፈነዳ የራሱ ቁጠባ ብቻ ሳይሆን እናታችን ያስቀመጠችውም ገንዘብ አልቆ ነበር። በዚያው ሳምንት መጠጡ አገረሸበት።

ክቡር ሚኒስትር፣ እባክዎ ይህን የአንድ ሰው የጠባይ ጉድለት ነው ብለው አይለፉት። የሕክምናው ዓለም ነገሩን ካወቀው ቆይቷል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ የቁማር ሱስን ከአልኮልና ከዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ምዕራፍ አስቀምጦታል። ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባም በሽታ ብሎ መዝግቦታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከ43,000 በላይ አዋቂዎችን ጠይቆ ነበር። በሕይወታቸው የቁማር ሱስ ይዟቸው ከሚያውቅ ሰዎች 73 በመቶ ያህሉ የአልኮል ችግርም ነበረባቸው። 60 በመቶ ያህሉ የኒኮቲን፣ 38 በመቶ ያህሉ የሌላ ዕፅ ችግር ነበረባቸው። ይህን ቁጥር ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ያንን ቅጽ ነው።

ሁለቱ ለምን እንደሚያያዙ ቤት ውስጥ ሆኖ ላየው ሰው ግልጽ ነው። መጠጥ የሰውን ልጓም ያላላል። በጤናው «ይብቃኝ» የሚለው ሰው ሲጠጣ አንድ ልጨምር ይላል። ገንዘቡ ሲበላ ደግሞ ንዴቱንና እፍረቱን ለማደንዘዝ ይጠጣል። አንዱ ሲቆም የለመደውን ስሜት የሚፈልገው አእምሮ ወደ ሌላው ይዞራል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ቁማር አይሸትም። አያንገዳግድም፣ በሽንት ምርመራ አይገኝም። ካልተጠየቀ አይታወቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናዬ ትንሽ ነው። በየማገገሚያውና በየጤና ተቋሙ የመጠጥ ጥያቄ ባለበት ቅጽ ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨመር። ጥያቄዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሚታወቁ ናቸው። የሚያስይዙትን ገንዘብ እየጨመሩ እንዲሄዱ ግድ ብሎዎት ያውቃል? ምን ያህል እንደሚቆምሩ ለቅርብ ሰዎችዎ ዋሽተው ያውቃሉ? ለአንዱ እንኳ አዎ ያለ ሰው በደንብ መመርመር አለበት። ቁማር ብሎ የመጣውም እንዲሁ ስለ መጠጡ ይጠየቅ።

ሁለተኛው ይከብዳል፤ ግን ዋናው እሱ ነው። ሁለቱ ሱሶች በአንድ ቦታ አብረው ይታከሙ። አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ ሊያስነሳበት፣ ሊገድለውም ስለሚችል መጀመሪያ የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል። ይህ ትክክል ነው። የምክር ሕክምናው ግን ሁለቱንም መንካት አለበት። ሐሳብንና ልማድን ለመለወጥ የሚሰጠው የንግግር ሕክምና ለመጠጥም ለቁማርም ይሠራል። ባለሙያዎቻችሁ ግማሹን ያውቁታል ማለት ነው፤ የቀረውን ማሠልጠን ነው። ዕዳውም ይጠየቅ። ገንዘቡን ለጊዜው ማን ይያዝለት የሚለው ከቤተሰብ ጋር ይመከርበት። ዕዳና መጠጥ ባንድ ላይ ያደቀቁትን ሰው ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ ብሎ መጠየቅም ነፍስ ያድናል። እኔ ይህን ጥያቄ ወንድሜን የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው። መልሱን እዚህ አልጽፈውም።

ወንድሜ ከወር በፊት እንደገና ወደ ሕክምና ሄዷል። በዚህኛው ጊዜ ስለ ቁማሩ ራሱ አነሳ። ምን ያህል አፍሮ እንደተናገረው እኔ ነኝ የማውቀው፤ አጠገቡ ነበርኩ። የሰሙት ባለሙያ በትሕትና «እዚህ የምናክመው መጠጥ ነው፤ ለሌላው ሌላ ቦታ ይፈልጉ» አሉት። ሌላው ቦታ የት እንደሆነ ስንጠይቃቸው እሳቸውም አያውቁም ነበር።

ክቡር ሚኒስትር፣ የት እንውሰደው?

መልስዎን በአክብሮት እጠብቃለሁ።

እህቱ