ለእህት ዓለሜ፣ ከጎንደር

እህት ዓለሜ፣

አራት ዓመት ሆነን። ይቅር በይኝ። ለእማማ ኩላሊትሽን ስትሰጭ አልመጣሁም፤ ደውዬ እንኳ «እንዴት አደርሽ» አላልሁሽም። ምን እንደምል ጠፋኝ፤ ዛሬ ነገ ስል ዓመት ገባ፤ ከዚያማ አፈርሁ። ስትቆጭ አፍንጫሽ ሲቀላ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ቁጣሽም ናፍቆኛል።

የምጽፍልሽ ስለ ወንድምጋሼ ነው። በጥምቀት ሁለታችንን በትከሻው ተሸክሞ የፋሲልን ጥምቀተ ባሕር ያሳየን ትከሻው አጥንት ብቻ ቀርቷል። ሆዱ ውሃ ቋጥሮ ተነፍቷል፣ ዓይኑ እርድ መስሏል። ደም ልስጥ ብሎ ሄዶ ሄፓታይተስ ቢ አለብህ የተባለ ጊዜ ትዝ ይልሻል? «ምንም አያመኝ» ብሎ ተወው፤ እኛም ተውነው። ቫይረሱ ግን ድምፁን አጥፍቶ ጉበቱን ሲያጠጥረው ኖሯል።

አሁን በቤታችን የሚወራው ቁጥር ነው። ሐኪሙ «ሜልድ» ይለዋል። የደሙን ቢሊሩቢን፣ ክሬቲኒንና ሶዲየም፣ ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትንም ጊዜ ወስደው ያሰሉታል፤ ከ6 ተነሥቶ 40 ላይ ያበቃል። ግንቦት ላይ የእሱ 17 ነበር። ባለፈው ሳምንት 24 ገባ። «ምን ማለት ነው?» ብዬ ጨቀጨቅሁት። ጉበት ከሚጠባበቁት መካከል በ20ዎቹ ውስጥ ያሉት፣ ካልተተካላቸው፣ ከመቶው 20 ያህሉ በሦስት ወር ያልፋሉ፤ 30 ከተሻገረ ከግማሽ በላይ። ሌሊት ሌሊት ያንን ሃያ ሰው ስቆጥር አነጋለሁ።

ሰሞኑን ደግሞ ቀንና ሌሊቱ እየተምታታበት ነው። ትናንት በአንች ስም ጠራኝ፤ «አቤት» አልሁት። ይኸ መምታታቱ በቁጥሩ አይገባም አሉኝ፤ የሆዱ ውሃም አይገባም። እንግዲህ እኔ የማየው ሁሉ ከቁጥሩ ውጭ ነው።

አሜሪካኖቹ በፈረንጆቹ ከ2002 ጀምሮ የሟችን ጉበት የሚያድሉት በዚህ ዓይነት ቁጥር ነው፤ የባሰበት ይቀድማል። ለእኛ ግን «ሰጪህን ይዘህ ሕንድ ሂድ» ነው የተባለው። የወንድምጋሼ ወረፋ እኔ ነኝ። የሁለታችንም ደም ኦ ነው፣ ቫይረሱም የለብኝ። ቀኙን የጉበቴን ክፍል ይወስዳሉ፤ የቀረው በጥቂት ወራት አድጎ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይጠጋል። ሰጪም አልፎ አልፎ እንደሚሞት አልደበቁኝም። የአዘዞው ቤት ገዥ አግኝቷል።

አንድ ነገር... እንዴት ልበልሽ። ሐኪሙ «ቁጥሩ በጣም ከገፋ መንገዱንም ላይችለው ይችላል» ያለኝ ዕለት፣ ለአንዲት አፍታ ቀለል አለኝ። የገዛ ወንድሜን! ከዚያ ወዲህ ፊቱን ማየት አቃተኝ፤ እግሩን ሳሽ ብቻ አጎንብሼ እውላለሁ። ለባለቤቱም ለንስሐ አባቴም አልነገርሁ። ላንች ብቻ ነው።

ሰኞ ለቪዛው አዲስ አበባ እንገባለን። ቤትሽ አሳድሪን አልልሽም፤ አንዲት ሰዓት ብቻ ስጭኝ፣ ጠባሳሽን አሳይኝ። ደግሞ ያኔ መጠየቅ የነበረብኝን አሁን ልጠይቅሽ፤ ከፈረምሽ በኋላ፣ ሊወስዱሽ ሲሉ፣ ያችን ሌሊት እንዴት አደርሽ?

ያንችው
የቀሃዋ