የካምባራው በረዶ ቀለም አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የጥበብ ዓምድ ላይ የጃፓናዊውን የሂሮሺጌን «የካምባራ ሌሊት በረዶ» ስላወጣችሁ ደስ ብሎኛል። ግን ቦታ ጠቧችሁ መሰለኝ፣ የግራው ጎን ተቆርጧል። እዚያ ጋ ደግሞ ሰው ነበር!

ሙሉው ላይ ሦስት መንገደኞች አሉ። ሁለቱ ጀርባቸውን ሰጥተውን ዳገቱን ይወጣሉ። ሦስተኛው ግማሽ የተከፈተ ጃንጥላው ውስጥ አንገቱን ቀብሮ፣ ዱላውን ይዞ በተቃራኒው ይሄዳል። የማንም ፊት በደንብ አይታይም። በዚያ ብርድ ሰላም ሳይባባሉ ነው የተላለፉት። እሱ ሲቆረጥ መተላለፉም አብሮ ቀረ።

ከሥሩ ደግሞ «ሥዕል፦ ሂሮሺጌ» ብላችኋል። ዕድሜዬን ማተሚያ ቤት ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝና ይቺን ማለፍ አቃተኝ። ነገሩ የእንጨት ኅትመት ነው። ሂሮሺጌ ንድፉን ሠራ፣ ቀራጩ የቼሪ እንጨት ላይ ቀረጸው፣ አታሚው እንጨቱን ቀለም እየቀባ ወረቀቱን ከላይ በእጁ እያሸ አተመው። መኪና የሚባል ነገር የለም። የሰማዩ ጥቁረት ቀስ እያለ የሚሳሳው አታሚው እንጨቱ ላይ ያለውን ቀለም ለየቅጂው በእጁ እየጠረገ ስለሚያሳሳው ነው። ለዚህ ነው ቅጂዎቹ የማይመሳሰሉት። አንዳንዱ ላይ ጥቁሩ ከአናት ነው፣ ሌላው ላይ ወደ ታች ወርዷል። እኔ ከአናት የጠቆረውን እመርጣለሁ። ሰማዩ ይከብዳል።

በረዶውስ? ምንም አልታተመበትም፣ ባዶ ወረቀት ነው። እኛ ጋ ቀለም ያልያዘ ቦታ ከተገኘ ብልሽት ተብሎ ይጣል ነበር። እነሱ ባዶውን ሥራ ሰጡት። እናንተ ጋ በረዶው አመድ መምሰሉ የጋዜጣ ወረቀት ጠባይ ነው፣ አልፈርድባችሁም።

ካምባራ ኤዶን (የዛሬዋን ቶኪዮ) ከኪዮቶ በሚያገናኘው የቶካይዶ መንገድ ላይ ያለች የባሕር ዳር ማረፊያ ነበረች። አየሯ ሞቅ ያለ ነው፣ በረዶ እንዲህ የሚከመርባት አገር አይደለችም። ሂሮሺጌ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የ53ቱን ማረፊያዎች ኅትመት ሲያወጣ ይህን ሁሉ በረዶ ከራሱ ነው ያመጣው። ውሸት ነው የሚል ይበል። እኔን በርዶኛል።

ሌላ ጊዜ ስታወጡት እባካችሁ ገጹን ሙሉ ስጡት። ከሥሩም «የእንጨት ኅትመት፤ ንድፍ ሂሮሺጌ፤ አሳታሚ ታኬኖውቺ ማጎሃቺ» ብላችሁ ጻፉልኝ። የቀራጩና የአታሚው ስም ባይጠቀስ እንኳ፣ መኖራቸው ይጠቀስ።

ጡረተኛው የማተሚያ ቤት ሠራተኛ
ከአራት ኪሎ