የእንጨት ሥራ ክበብ፦ ረጅም በር ሳይጣመም እንዲቆም

ክበቡ ዘንድሮ የያዘው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ቁመታቸው 2 ሜትር፣ ስፋታቸው 45 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት የቁም ሣጥን በሮች። ለአንድ ዓመት ያነሰ ይመስላል፤ ግን አይደለም። አንድ ጣውላ በ1 ሜትር ርዝመት 2 ሚሊ ሜትር የሚጎብጥ ከሆነ፣ ያው አጎባበጥ በ2 ሜትር ላይ 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱ አራት እጥፍ ነው። በአጭር በር ላይ የማይታይ ጥፋት በረጅሙ ላይ ከሩቅ ይታያል።

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በስፋቱ እንጂ በርዝመቱ ለውጡ እዚህ ግባ አይባልም። በስፋቱም ቢሆን የዛፉን የዕድገት ቀለበቶች ተከትሎ የሚኮማተረው፣ ከመሃል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ የበሩን ክፈፍ በግራና በቀኝ ለሚይዙት ሁለት ረጃጅም ቋሚዎች ጫፋቸው ሲታይ ቀለበቶቹ ለገጹ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ክራቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልዞረ፣ ጉጥ የሌለባቸው ጣውላዎች ተለዩ። ጉጥ ያለበት ሁሉ ቋሚዎቹን ለሚያገናኙት አጫጭር አግዳሚዎች ሄደ።

ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደው መላጉ ነው። 32 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በአንድ ቀን 22 አይደረግም። ውስጡ ከላዩ ይልቅ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ታፍኖ የቆየ ውጥረትም አለ፤ ላዩ ሲላግ ያ ሁሉ ይፈታና ጣውላው ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ከሁለቱም ገጽ እኩል ተልጎ 26 ሚሊ ሜትር ይደረጋል፤ በየመካከሉ እኩል ውፍረት ያላቸው ቁርጥራጮች ገብተውለት አየር በሁሉም በኩል እንዲያገኘው ተደርድሮ አንድ ሳምንት ይቆያል። ከዚያ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች በሁለቱ ጫፎች ላይ በአግድም ይቀመጣሉ። ዓይንን ዝቅ አድርጎ የቅርቡን ዘንግ ጠርዝ ከሩቁ ጠርዝ ጋር ማስተያየት ነው፤ አንዱ ጥግ ቀድሞ ከታየ ጣውላው ተጠማዟል። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የተንቀሳቀሰ ለቋሚነት አይሆንም። አባላቱ እንዲህ ያለውን በሞርሳ ጨቁኖ ማቅናት ይቀናቸዋል፤ ሞርሳው ሲፈታ ግን እንጨቱ ወደ ጠባዩ ይመለሳል።

ቋሚዎቹና የላዩ አግዳሚ 7 ሴንቲ ሜትር፣ የታቹና የመሃሉ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት አላቸው። በውስጥ ጠርዛቸው፣ በ22ቱ ሚሊ ሜትር ውፍረት መሃል፣ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 10 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይወጣል፤ ከፊትም ከኋላም 7 ይቀራል። በቋሚው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው የአግዳሚዎቹ ምላስ 8 ሚሊ ሜትር ወፍራም፣ 40 ሚሊ ሜትር ረጅም ነው። ምላሱ ትንሽ እንኳ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ካዘነበለ በሩ ገና ከሞርሳ ሳይወጣ ተጠማዟል፤ ስለዚህ ኮላ ሳይነካ ሁሉም በደረቁ ተገጥሞ በዘንጎቹ ይታያል።

በክፈፉ መሃል፣ ጠርዙ ቦዩ ውስጥ የሚገባው ገበታ አይጣበቅም። በቋሚዎቹ መካከል 310 ሚሊ ሜትር አለ፤ ከሁለቱ ቦዮች ጋር 330 ይሆናል። ገበታው 324 ሆኖ ተቆረጠ፤ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር መተንፈሻ አለው። ይህን ያህል ስፋት ያለው ጣውላ እርጥበቱ በ4 በመቶ ቢለዋወጥ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳልና ልኩ በግምት የተሰጠ አይደለም። ገበታው ቦይ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቫርኒሽ ይቀባል፤ ያለዚያ ሲኮማተር በጠርዙ ያልተቀባ ነጭ መስመር ብቅ ይላል። ከምላሱ የተረፈ ኮላ ወደ ቦዩ ከፈሰሰ ገበታው ይያዝና ይሰነጠቃል፤ ጥጎቹን ሰም መቀባት ያድናል።

ሞርሳው ራሱ በር ያጣምማል። ሁሉም ሞርሳ ከአንድ ወገን ሲጠብቅ ክፈፉ ወደዚያ ይጎብጣል፤ ስለዚህ አንዱ ከላይ፣ ቀጣዩ ከታች ይደረጋል። የሚሠራበት ጠረጴዛም ጠማማ ከሆነ በሩ ጠማማነቱን ቀድቶ ይደርቃል።

ቫርኒሹ በሁለቱም ገጽ እኩል ዙር ይቀባል። የማይታየውን የኋላ ገጽ መተው በጣም የተለመደ ስንፍና ነው፤ ውጤቱም አንዱ ገጽ ከሌላው ፈጥኖ እርጥበት ተቀብሎ በሩ መጉበጡ ነው። በሩን ግድግዳ ላይ አዘንብሎ ማሳደርም እንዲሁ ያጎብጠዋል።

ለ2 ሜትር በር፣ የሚገቡበት ክብ ጉድጓድ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አራት ማጠፊያ ተገጠመ፤ የላይኛውና የታችኛው ከጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው። በዚህ ጊዜ ሦስተኛው በር የተጣመመ መሰለ። ተለክቶ ሲታይ በሩ ደህና ነበር፤ የሣጥኑ እግር የቆመበት ወለል ነው ያጋደለው፤ ከእግሩ ሥር ስስ ጣውላ ሲገባ ተስተካከለ።

አራተኛው ግን በእውነት ተጠማዟል፤ ከማጠፊያው ተቃራኒ ያለው የታችኛው ጥግ 3 ሚሊ ሜትር ወጥቶ ይቆም ነበር። በሰያፍ ትይዩው ያለው የላይኛው ማጠፊያ 1.5 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ሲወጣ ስህተቱ በሁለቱ ጥጎች እኩል ተከፈለ። አሁን ጠምሞ መቆሙ የሚታወቀው ማስመሪያ ሲደረግበት ብቻ ነው።