ቀላል ፍለጋ፦ የጠላቂዎች ክበብ ዓመት

ባለፈው ዓመት የክበባችን ዘገባ አራት መስመር ነበር። ተሰበሰብን፣ ዋኘን፣ ፎቶ ተነሳን፣ አመሰገንን። አለቀ። ዘንድሮ ግን ዓመቱን ሙሉ የተጨቃጨቅንበት ነገር ስላለ አዘጋጆቹን ቦታ ጨምሩልኝ ብዬ ለምኛለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ቤተሰቦቿ በዓመት አንዴ ለእረፍት ባሕር ይወርዳሉ፣ አምስት ስድስት ጊዜ ይጠልቃሉ፣ ከዚያ እስከ ከርሞ ውሃ አያዩም። "ቲቸር፣ አባቴ የራሱን ሬጉሌተር ሊገዛ ነው። ለጉዞ የሚሆን ቀላል የቱ ነው?" አለችኝ። ሬጉሌተር ማለት የሲሊንደሩን አየር ወደ አፋችን የሚያደርሰው መሣሪያ ነው። "እስቲ እናንተው አጥኑና ንገሩኝ" አልኳት። ብልህ መምህር ለመምሰል አልነበረም፣ መልሱን ስላላወቅኩት ነው። የኔ ሬጉሌተር ዕድሜው ከአንዳንዶቻችሁ ይበልጣል፤ ስሸከመው እንጂ ስመርጠው ትዝ አይለኝም።

ክበቡ ውስጥ ለሌላችሁ ትንሽ ላብራራ። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ ወደ 2400 ሊትር አየር ይይዛል። እሱን በቀጥታ አፍ ላይ መክፈት አይታሰብም። ስለዚህ ሲሊንደሩ አናት ላይ የሚታሰረው ፈርስት ስቴጅ ግፊቱን ከአካባቢው ውሃ በ10 ባር ገደማ ብቻ እስኪበልጥ ድረስ ያወርደዋል። አፍ ውስጥ የሚገባው ሰከንድ ስቴጅ ደግሞ ትንፋሽ ስንስብ ብቻ ይከፈትና በዙሪያችን ካለው ውሃ ጋር የተካከለ አየር ያቀብላል። ውሃው ከላዩ ካለው አየር ጋር 10 ሜትር ላይ በ2 ባር፣ 30 ሜትር ላይ በ4 ባር ይጫነናል፤ አየሩም አብሮ ካልጨመረ ደረታችን አይነሳም።

ይህን መሣሪያ ዛሬ በምናውቀው መንገድ ውሃ ውስጥ ያስገቡት ዣክ ኩስቶ እና ኤሚል ጋኛ ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1943። ጋኛ መሐንዲስ ነበር። በጦርነቱ ነዳጅ ጠፍቶ መኪኖች በጋዝ ሲነዱ የሠራውን ቫልቭ ነው ለጠላቂ ያስተካከሉት። ታሪኩን ያቀረበው የ9ኛ ክፍል ልጅ "እና እኛ የመኪና ዕቃ ነው የምንነክሰው?" ብሎ ጨርሷል። ከዚያ ወዲህ ክበቡ ውስጥ ሬጉሌተር የሚል ሰው የለም፣ "የመኪና ዕቃ" ሆኖ ቀርቷል።

በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ሥራችን መመዘን ነበር። የላብራቶሪውን ሚዛን ተውሰን ያገኘነውን ሬጉሌተር ሁሉ እየፈታን መዘንን። ሁሉም የጠበቀው ክብደቱ ፈርስት ስቴጁ ላይ ይሆናል ብሎ ነው። ከፊሉ እዚያ ነው፣ ግን ከፊሉ ብቻ። ቱቦዎቹ አሉ፣ ጓደኛ አየር ቢያልቅበት የምንሰጠው ኦክቶፐስ አለ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን አየር የሚያሳየው ጌጅ አለ፣ አንዳንዱ ጌጅ ደግሞ ኮምፓስና የጥልቀት መለኪያ ተጨማምሮበት ጡብ ያክላል። ሙሉው ስብስብ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይሆናል። ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ግን በአብዛኛው የሁለቱ ስቴጆች ክብደት ብቻ ነው። ብዙ አየር መንገዶች ለሻንጣ 23 ኪሎ ሲፈቅዱ አንድ ኪሎ መቀነስ ቁም ነገር ነው፤ ነገር ግን አንዳንዱ ሰው ከፈርስት ስቴጁ 200 ግራም ለማትረፍ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ያንን ጡብ የሚያክል ጌጅ ተሸክሞ ይሄዳል። ጌጁን በትንሿ መቀየር ይቀድማል።

ከዚያ ቲታኒየም መጣ። ወንዶቹ ግማሽ ያህሉ ቲታኒየም ካልሆነ ብለው ሙጭጭ አሉ። ቀላል ነው፣ ጨው አይበላውም፣ ስሙም ያምራል። የኬሚስትሪ መምህራችን ግን አንድ ቀን ብቅ ብለው አንድ ነገር ተናግረው ሄዱ፦ ቲታኒየም ኦክስጅን በበዛበት ሊቀጣጠል ይችላል። እርግጥ ለእረፍት የሚጠልቅ ሰው የሚጠቀመው ናይትሮክስ (ኦክስጅን የተጨመረበት አየር) አብዛኛውን ጊዜ 32 ወይም 36 በመቶ ኦክስጅን ነው፤ ለመደበኛ ሬጉሌተር የተለመደው ጣሪያ ደግሞ 40 በመቶ ነው፣ ስለዚህ አባትየውን የሚያሰጋው ነገር የለም። የአምራቹን መመሪያ ማንበብ ግን ግድ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ክሮም የተቀባ ናስ ይበቃል። ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ታጋሽ ነው።

ረጅሙ ክርክር ዲን ወይስ ዮክ የሚለው ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሁለቱም ሬጉሌተሩ ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰርባቸው መንገዶች ናቸው። ዮክ ማለት የሲሊንደሩን ቫልቭ እንደ መቆንጠጫ አቅፎ የሚይዘው ነው፤ ዲን እንደ ብሎን ቫልቩ ውስጥ ይጠመዘዛል። ዲኑ አነስ ይላል፣ ይቀላል፣ ኦሪንጉም (አየር እንዳይሾልክ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ተሸሽጎ ስለሚቀመጥ ሾልኮ አይወጣም። እስከ 300 ባር የሚችልም አለ፣ ዮክ ግን 232 ላይ ያበቃል። ታዲያ ዲን ይሁና! እኔም እንደዚያ ልል ነበር። አንዷ ልጅ ግን "ቲቸር፣ የሚሄዱበት ቦታ ያሉት ሲሊንደሮች የቱን ነው የሚቀበሉት?" አለች። ዝም አልን። ኪራይ ሲሊንደሩ ዮክ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ዲኑ ላይ አዳፕተር መጨመር አለ። አዳፕተሩ ራሱ ብረት ነው፤ ያተረፍነውን ግራም መልሶ ይበላል፣ ሬጉሌተሩንም ወደ ማጅራት ገፋ ያደርገዋል፣ ቀና ባላችሁ ቁጥር ጭንቅላታችሁን ያስመታችኋል። አንዳንድ ቫልቭ ደግሞ ሁለቱንም ይቀበላል፤ መሀሉ ያለችው ማስገቢያ ስትፈታ ዲን ይሆናል። ስለዚህ ሚዛን ላይ ከማስቀመጥ በፊት ወደሚሄዱበት ቦታ ደውሎ መጠየቅ።

ቀላል የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሁለት ሆኖብን ነበር። ለሚዛን የሚቀል አለ፣ ለጥገና የሚቀል አለ። አባትየው የፈለገው የፊተኛውን ነው፤ በዓመት አምስቴ ለሚጠልቅ ሰው የሚበጀው ግን ሁለተኛው መሰለን። ባላንስ ያልተደረገ (የሲሊንደሩ ግፊት ሲቀንስ አሠራሩ የሚለወጥ) የፒስተን ፈርስት ስቴጅ ውስጡ የሚንቀሳቀሰው ነገር ጥቂት ነው። ሲሊንደሩ ወደ ማለቁ ሲቃረብ መተንፈሱ ትንሽ ይጠነክራል፣ እውነት ነው፤ 18 ሜትር ላይ ዓሣ ለሚያይ ሰው ግን ያን ያህል አይታወቅም። ከዚያ ጠልቆ ለሚወርድ ባላንስ የሆነው ይሻላል። ለቀዝቃዛ ውሃ ተብሎ የሚታሸገው ዓይነት ደግሞ ውሃው ከ10 ዲግሪ በታች ለሆነ ሰው ነው። የታመቀ አየር ሲለቀቅ ይቀዘቅዛል (የብስክሌት ጎማ ስታስተነፍሱ ጣታችሁን ቫልቩ ላይ አድርጉ፣ ይገባችኋል)፣ ውሃውም ቀዝቃዛ ከሆነ ውስጡ በረዶ ይሠራና አየሩ ሳያቋርጥ ይፈሳል። ለሞቃት ባሕር ግን ተጨማሪ ክብደት ነው፤ አሸዋና ጨው መከላከሉ ብቻ ይቀርለታል።

በክር የተሸመኑት ቱቦዎችም ተነስተዋል። ይቀላሉ፣ ይተጣጠፋሉ፣ ሻንጣ ውስጥ ይመቻሉ። እኔም ወደድኳቸው። ግን የአንዳንዶቹ የውስጥ ሽፋን በሙቀትና በእርጥበት እየተበላሸ፣ ክሪስታል እየሠራ አየር የዘጋበት ጊዜ ስለነበረ፣ ውስጡ ከምን እንደተሠራ ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም። ከላይ ሲታይ ደህና ነው፤ ችግሩ የማይታየው ጋ ነው።

አሁን ወደ ኃፍረቴ። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ከገንዳ ስንወጣ ዕቃ እንዴት እንደሚታጠብ ላሳይ ብዬ የክበቡን ሬጉሌተር ባልዲ ውስጥ ነከርኩት። የፈርስት ስቴጁን አየር መግቢያ የሚዘጋውን የአቧራ ክዳን ሳልገጥም! በዚያ ላይ እያወራሁ የሰከንድ ስቴጁን የማስተንፈሻ ቁልፍ ተጫንኩ፤ በዚያም በኩል ውሃ አስገባሁ ማለት ነው። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ ክዳኑ እጅዎ ላይ ነው" አለኝ። ሁሉም ሰማ። ከሳምንታት በኋላ ቴክኒሻኑ ሲፈታው አየር መግቢያው ላይ ያለችው ወንፊት አረንጓዴ ሆናለች። ያችን ወንፊት ለምኜ ወስጃለሁ፣ አሁን የክበቡ ቁምሳጥን ላይ ተሰቅላለች፤ ከሥሯ ስሜን የጻፈው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ለአባትየው በመጨረሻ የላክነው ደብዳቤ አንድ ገጽ ነበር። መጀመሪያ ለፊትዎ ልክ የሆነ መነጽር፣ ቀጥሎ የጠለቃ ኮምፒውተር (ጥልቀትና ጊዜ የሚቆጥረው)፣ ሬጉሌተር ሦስተኛ ነው አልነው። አምስት ጊዜ መጥለቅ ብቻ ከሆነ መከራየትም ነውር አይደለም፣ ምክንያቱም የራስ ዕቃ ባይነካም ይጎዳል፤ ጎማው ቁምሳጥን ውስጥ ሆኖም ያረጃል፣ ብዙ አምራቾችም በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይፈተሽ ይላሉ። የግድ ልግዛ ካሉ ግን እቤትዎ አቅራቢያ የሚፈታው ሰውና መለዋወጫ ያለው፣ የሚሄዱበት ሲሊንደር ላይ የሚገጥም፣ ትንሽ ጌጅ ያለው ይሁን። በእጅ ሻንጣ ይያዙት። የአፍ መያዣው ለመንጋጋዎ ልክ ይሁን፤ አንድ ትርፍ የአፍ መያዣና ማሰሪያ ይጨምሩ፣ ክብደታቸው ከምንም አይቆጠርም፣ የተቀደደ የአፍ መያዣ ግን ጉዞ ያበላሻል።

መልስ ጻፈልን። መነጽር ገዝቷል። ሬጉሌተሩን ለከርሞ አስተላልፎታል። ልጅቷ ግን ተናዳለች፣ ቲታኒየሙን ልትዋሰው ነበር ለካ።

የመኪና ዕቃዎቻችን አሁን ጥገና ላይ ናቸው፣ ትምህርት ሲከፈት ይመለሳሉ። ከክበቡ ሁለት ትንንሽ የአፍ መያዣዎች ጎድለዋል። የወሰዳችሁት ታውቃላችሁ፤ አጥባችሁ መልሱ።