ራሳችሁ ታስተካክሉታላችሁ ብላችሁ ያስረከባችሁን ድረገጽ ጉዳይ

ለድርጅቱ ደንበኞች አገልግሎት

ሰላም ናችሁ። የምጽፍላችሁ ከቢቸና፣ የጤፍ አምራቾች ማህበሩን ወክዬ ነው። ፋይላችን እናንተው ጋ ስላለ ስለ ክፍያውና ስለ ርክክቡ እንደገና አልተርክም፣ በቀጥታ ባለፈው ማክሰኞ በስልክ ወደተባልነው ልግባ።

ሂሳብ ያዧችን የደወለችላችሁ ለኩንታል ዋጋ ነው። ድረገጹ ላይ ያለው የጥር ዋጋ ነው፣ ጥር ማለት ጤፉ ከአውድማ ገብቶ ገበያው የሚወርድበት ጊዜ ነው፣ አሁን ሰኔ ገብቷል ዋጋው የት እንደደረሰ ጎጃም ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ እዛ ላይ ባየሁት ዋጋ ካልሰጣችሁኝ ብሎ ተጣልቶን ሄደ። ልጅቷም በትህትና "ወንድሜ እንዴት እንደምቀይረው ብቻ አሳየኝ" አለችው። የናንተ ሰራተኛ የመለሰላት "እህት ይሄ ኮድ ነው፣ እናንተ አትችሉትም፣ ብትነካኩት ታበላሹታላችሁ፣ ዋጋ በተቀየረ ቁጥር ክፈሉና እኛ እንቀይርላችኋለን" ነው። ስፒከር ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰምተናል። ሊቀመንበራችን ስልኩን ተቀብለው "ልጄ፣ ስትዋዋሉን እኮ እንዲህ አላላችሁም" ሲሉት "አባቴ ስራ ላይ ነኝ" ብሎ ጆሯቸው ላይ ዘጋባቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ እንዲህ አይደረግም።

ቢሯችን ድረስ መጥታችሁ "ፌስቡክ ላይ ፖስት ማድረግ የሚችል ሰው ይሄንንም ይችላል" ያላችሁን እናንተ ናችሁ። ውሉም ላይ "ደንበኛው ራሱ የሚያስተካክለው" ተብሎ ተጽፏል። ይሄ ባይባል አናሰራም ነበር፣ የቴሌግራም ቻናላችን ይበቃን ነበር።

ኮድ ነው የተባለውም እውነት አይደለም። ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአንድ አባላችን ልጅ ከፍቶ ሲያየው የዋጋ ሰንጠረዡ ጭራሽ ጽሁፍ አይደለም፣ ፎቶ ነው! ፎቶሾፕ ላይ ተሰርቶ የተለጠፈ አንድ ምስል። ፎቶ ውስጥ ያለን ቁጥር ሂሳብ ያዧ በምን ተአምር ትቀይረዋለች? ድረገጹ የተሰራበት ዎርድፕረስ ላይ እኮ ተራ ሰንጠረዥ አለ፣ ቁጥሩን አጥፍቶ ሌላ መጻፍና ሴቭ ማድረግ ነው፣ ልጁ ለሙከራ ሌላ ገጽ ላይ አሳያት እሷም ወዲያው በራሷ እጅ ሰራችው። ታች ያለው ስልክ ቁጥራችን ደግሞ ቴም ፋይሉ ውስጥ፣ ማለትም የድረገጹ መልክ የተሰራበት ፋይል ውስጥ ስለተጻፈ በተሰጠን ፓስወርድ አይነካም፣ ለኛ የሰጣችሁን ኤዲተር የሚባለውን፣ ጽሁፍ ብቻ የሚያስነካውን ነው፣ ሁሉን የሚከፍተውን አድሚኑን ይዛችሁታል። የገዛ ቤታችን ቁልፍ ሰው ኪስ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ከተነሳ አይቀር፣ መግቢያው ላይ ያለው ፎቶ ጤፍ አይደለም፣ የፈረንጅ አገር ስንዴ ነው፣ ኮምባይነሩ ሁሉ ይታያል። አባሎቻችን አይተው አፍረዋል። የራሳችንን ማሳ ፎቶ ልከንላችሁ ሁለቱም ራይት ወጥቷል፣ መልስ ግን የለም። ቢቸናም "ቢችና" እንደተባለ አለ። መመሪያ ብላችሁ የሰጣችሁን ወረቀት ከላይ እስከታች በእንግሊዝኛ ነው፣ ለማን ነው የተጻፈው?

መጀመሪያ የፈለግነው ዋጋው እንዲስተካከል ብቻ ነበር፣ አሁን ግን እሱ አይበቃንም። ሰንጠረዡ በጽሁፍ ይሰራ፣ ስልክ ቁጥሩም እኛ ልንቀይረው በምንችልበት ቦታ ይቀመጥ። የአድሚን ፓስወርዱ ይሰጠን፣ ዶሜኑም፣ ማለት የድረገጹ አድራሻ፣ በማህበሩ ስም ይዙር። አንድ ሰው እዚህ መጥቶ ለሂሳብ ያዧ በአማርኛ ያሰልጥናት፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። እስከ ሰኔ ሚካኤል ካልተደረገ የከፈልነውን ሙሉ ብር ትመልሳላችሁ፣ እምቢ ካላችሁም ውሉን ይዘን ፍርድ ቤት እንሄዳለን።

ለሊቀመንበራችን ደግሞ ስራ አስኪያጃችሁ ራሱ ደውሎ ይቅርታ ይጠይቃቸው። ያ ልጅ ሳይሆን ስራ አስኪያጁ።

ከአክብሮት ጋር
የማህበሩ ጸሐፊ፣ ቢቸና