የጋሼ አርባ፦ እሑድ ጠዋት እንገናኝ

ውድ የቅየሳ ክፍል የቀድሞና የአሁን ባልደረቦች፣

አለቃችን፣ መምህራችንና ወዳጃችን ጋሼ ካረፉ የፊታችን እሑድ 40 ቀን ይሞላቸዋል። ጸሎተ ፍትሐቱ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄደን ከቤተሰቡ ጋር እንቆያለን። ድንኳንና ዕቃ ከእድራቸው ስለተገኘ በዚያ አታስቡ።

ከእናንተ የምንፈልገው ትዝታ ነው። ጋሼ መስክ ከርመው ስለሚመለሱ ልጆቻቸው በሥራ ላይ አይተዋቸው አያውቁም። እያንዳንዳችሁ አንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ ፎቶ ካላችሁም አሳጥባችሁ አምጡ፤ በአልበም አድርገን እንሰጣቸዋለን። እባካችሁ "ደግ ነበሩ" ብላችሁ ብቻ አትለፉት፣ ያያችሁትን ጻፉ። እኔ ስለ መስክ ደብተራችን እጽፋለሁ። ማታ ማታ በፋኖስ በደብተሩ ላይ የሰፈረውን እያንዳንዱን የልኬት ንባብ ራሳቸው ደምረው፣ የተሳሳተውን በእርሳስ ከበው፣ ጠዋት የጻፈውን ሰው ለብቻው ጠርተው ያሳዩት ነበር። ሰው ፊት ያዋረዱት ጀማሪ አላውቅም። የመለኪያ ዘንግ ተሸካሚ ሆነው የገቡትን ልጆች ማታ ትምህርት እንዲማሩ ገፋፍተው፣ ዛሬ ቡድን የሚመሩ አድርገዋቸዋል። እናንተም የራሳችሁን ትዝታ ጻፉ።

የምናዋጣውን ገንዘብ በጥሬው ለቤተሰቡ እንስጥ ወይስ የመጨረሻ ልጃቸውን የኮሌጅ ክፍያ እንሸፍንበት? እኔ ሁለተኛውን እደግፋለሁ፤ ጋሼም ይህን ይወዱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ውጭ አገር ያላችሁ ጽሑፋችሁን እዚሁ ላኩልን፣ እኛ እናትመዋለን። የምትመጡ፣ እንዲሁም በመዋጮው ላይ ሐሳብ ያላችሁ እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቁን። መኪና ያላችሁ ስንት ሰው መያዝ እንደምትችሉ ጻፉ።