ጥርሱን አንተ ወስን

ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለደምሴ፤

«ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ስድስት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ የከረመ ሰው እንዲህ ሲል ራሱንም ያሳፍረዋል። የእትዬ አለሚቱን ማረፍ የሰማሁት በሰው በሰው ነው፤ ያውም አርባቸው ከወጣ በኋላ። ያኔውኑ መደወል ነበረብኝ። ዛሬ ነገ ስል ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ከዚያማ በምን አፌ ብዬ ተውኩት። ኋላ ደግሞ እናንተ ዘንድ ኔትወርክ ጠፋ ሲባል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰበብ አገኘሁ ብዬ ቀለል ሳይለኝ አልቀረም። ነፍሳቸውን ይማር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዳቦውን ለሁለት ቆርሰው ትልቁን ለእኔ ሲሰጡኝ፣ አንተ ስታኮርፍ፣ እስካሁን ከፊቴ አይጠፋም።

ብዕር ያስነሳኝ ግን ሐዘን አይደለም፤ አውሬ ነው። ሳትስቅ አንብበው።

አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ መሆኔን ታውቃለህ። የሌሊት ፈረቃ ነኝ። ጠዋት ስወጣ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ማይን ወንዝ ዳር ቅዳሜ የሚዘረጋውን የአሮጌ ዕቃ ገበያ እዞራለሁ። የዛሬ አራት ዓመት አንድ ካርቶን ሙሉ የልጆች የፕላስቲክ እንስሳት ስጎረጉር ዝሆን የሚመስል ነገር እጄ ገባ። ኩምቢ አለው፤ ጥርሱ ግን ከታችኛው መንጋጋ ወጥቶ እንደ ዶማ ወደ መሬት ተቆልምሟል። በሁለት ዩሮ ገዛሁት። ቤት ስገባ ልጄ አገላብጣ አየችውና «አባዬ፣ ጥርሱን ገልብጠው ነው የሰኩት» አለችኝ።

ዳይኖቴሪየም ይባላል፤ ድሮ ዘሩ የጠፋ የዝሆን ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1829 ስም ያወጣለት ካውፕ የሚባል ሊቅ ነው፤ እዚሁ አጠገባችን ዳርምሽታት የኖረ። እሱም መጀመሪያ ላይ መንጋጋውን ገልብጦ ጥርሱን ወደ ላይ አድርጎት ነበር! ባክላንድ የተባለው እንግሊዛዊ ደግሞ አውሬው የውኃ ነው ብሎ፣ ሌሊት ጥርሱን ወንዝ ዳር እንደ መልሕቅ ቸክሎ ይተኛ ይሆናል ሲል ጻፈ። አየህ፣ እነዚያ ሊቃውንትና የእኔ ልጅ ያው ናቸው። ፍቅሩ የያዘኝ ያኔ ነው።

አሁን መደርደሪያው ሞልቷል። ባለቤቴ «አሻንጉሊቶችህ» ትላቸዋለች፤ እንግዳ ሲመጣ በር ትዘጋባቸዋለች። ደንቤ አንድ ነው፦ ሕፃን ሁሉ ስሙን የሚያውቀው ዳይኖሰር ቤቴ አይገባም። ፋብሪካዎቹ ቲራኖሶረስን በየዓመቱ ቀለም እየቀየሩ ያወጡታል፤ ገበያው እሱ ነዋ። ማንም የማያውቀው እንስሳ ግን ጥቂት ዓመት ይሠራና ከምርት ይወጣል፣ ከዚያ ሰብሳቢዎች እርስ በርስ እንነጣጠቅበታለን። ጃፓኖቹ ካይዮዶዎች በአንድ ወቅት ከቸኮሌት ጋር ይሸጧቸው የነበሩ፣ አውራ ጣት የማያህሉ አሉ፤ የቅንድባቸው ቆዳ ሳይቀር ተቀርጿል። ኢኦፋውና የሚባሉት ስፔኖች ደግሞ ዝሆንና የዝሆን ዘመዶችን በ1:35 ልክ፣ ማለት ከእውነተኛው ሠላሳ አምስት ጊዜ አሳንሰው፣ ይሠራሉ። የእነሱን ዳይኖቴሪየም ባለፈው ዓመት ገዛሁት። በመንገድ እግሩ ተጣሞ መጣና መቆም አቃተው። መድኃኒቱን ልንገርህ፦ የፈላ ውኃ ውስጥ ትነክረዋለህ፣ ሲለሰልስ ታቃናዋለህ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትከተዋለህ። በሻይ ማንቆርቆሪያው ስሠራ ተይዤ የተባልኩትን አልጽፍልህም።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ከዚህ አውሬ በፊት ዘመዶቹ የት ነበሩ እያልኩ ሳነብ አንድ ስም ላይ ደረስኩ፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጭልጋቴሪየም። አዎ፣ የኛው የጎንደሩ ጭልጋ! ካፕልማን የሚባል የቴክሳስ ሰው ከባልደረቦቹ ጋር አገራችን ድረስ መጥቶ፣ ከብት የምንጠብቅበትን ምድር ቆፍሮ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ቅሪተ አካል አግኝቷል። በ2003 እ.ኤ.አ. ነው ለዓለም ያሳወቁት፤ ስሙ በዓመቱ ወጣ። እስካሁን ከሚታወቁት የዳይኖቴሪየም ወገኖች ሁሉ ቀደምቱ እሱ ነው። ቁመቱም አንድ ትልቅ አሳማ ቢያህል ነው። ያን ጊዜ አፍሪካና ዓረብ አንድ ላይ ሆነው እንደ ደሴት በባሕር ተከበው ነበር፤ አንበሳ የለ፣ አጋዘን የለ፣ የሜዳ አህያ የለ። አገራችን ደን ነበረች፤ ጭልጋ ምድር ውስጥ ያለው የድንጋይ ከሰል ከሌላ ከምን መጣ? በዚያ ደን ውስጥ አርሲኖይቴሪየምም ነበር፤ ግብፅ ፋዩም ከተገኘው ዘመዱ የሚገዝፍ። አፍንጫው ላይ ጎን ለጎን ሁለት ትልልቅ ቀንድ አለው፤ አውራሪስ ይመስላል፣ ዝምድናው ግን ወደ ዝሆን ይጠጋል። እሱ ከመደርደሪያዬ አለ። ጭልጋቴሪየም ግን የለም። አንድም ፋብሪካ ሠርቶት አላየሁም።

ለምን እንደማይሠሩት ገባኝ፦ የተገኙት የመንጋጋ ጥርሶች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ጥቂት። ፊቱን ማን አየው?

እኔው ልሥራው አልኩ። ሚሊፑት የሚባል አለ፤ ሁለት ዱላ ነው፣ እኩል ቆርጠህ ስታሸው ሊጥ ይሆናል፣ በጥቂት ሰዓት ይደርቃል። በ1:35 ልክ የአውራ ጣቴን ያህል ይሆናል። የመጀመሪያው አሳማ ሆነ። ሁለተኛው ኩምቢ ስጨምርለት ያበጠ አይጥ ሆነ። ሦስተኛው ደህና መጣ፤ ከአገጩ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። እንደ ዘሮቹ ወደታች የታጠፈ ጥርስ ላብቅልለት ወይስ ልተወው? ሳላደርገው ደረቀ። አሁን አገጩን ክፍት እንዳደረገ ጠረጴዛዬ ላይ ቆሞ ያየኛል።

ያኔ በሬዎችህ ትዝ አሉኝ። ከወንዝ ዳር ዋልካውን ስናቦካ የእኔ በሬ ሁልጊዜ ይወድቅ ነበር፣ ያንተ ይቆማል። «እግሩን አወፍረው፣ ፀሐይ ላይ አታድርቀው፣ ይሰነጠቃል» ትለኝ ነበር። ቀንዱን ከግራር እሾህ ታደርግለታለህ፤ አንዱን ግራ አንዱን ቀኝ አጣመህ፣ ልክ እንደ በሬዎቻችን እንደ እነ ዳመና። ከጭቃው ስንለቅም የወረወርነው ጠጠር ሁሉ ጥርስ ነበር አልልህም፤ ግን አንድ ጥቁር፣ አብረቅራቂ ጠጠር ለበሬህ ዓይን አድርገህ ነበር፣ ያ ምን እንደነበር ሌሊት ሻንጣ ስጭን አስባለሁ።

መንገዱ ሰላም ሲሆን እንጂ አሁን ሂድ አልልህም። ሲመችህ ግን ከዚያው ጭቃ አንድ ሥራልኝ። አሳማ ያህላል ብለህ አስብ፤ አካሉ ደልደል፣ እግሩ እንደ ዝሆን። ጥርስ ይኑረው አይኑረው አንተ ወስን፣ እኔ አልከራከርህም። እሾህ ብታደርግለት ግን ደስ ይለኛል። ለእትዬ አለሚቱ ሙት ዓመት ያልላክሁትን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬአለሁ፤ ዘግይቷል፣ አውቃለሁ፣ ተቀበለኝ።

የሚመጣ ሰው ስታገኝ በእጁ ይያዝልኝ። ሻንጣ ውስጥ እንዳይከተው፤ እንዴት እንደምንወረውረው እኔ አውቃለሁ።

ወንድምህ ጌታሁን